የሸረሪቷ ክር እና ሦስቱ ብሎኖች

ጆሯችሁን ለአንድ አፍታ አውሱኝ፤ ስጨርስ እመልሳለሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበር። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ደጅ እንዳታወጣቸው ድመቷ አለች። የቀራት ቦታ ከትልቁ መዘውር ሥር ብቻ ነው። መዘውሩን ደግሞ ከምሰሶው ጋር የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ዘይት የጠገበ፣ አንዱ የዛገ።

በገበያ ቀን ጠዋት፣ ወፍጮው ሳይነሳ፣ አያ መፍቻ ብሎኖቹን ሊያጠብቅ መጣ። ደረቁ ብሎን ሲጠብቅ “እህ!” አለ። ዘይት የጠገበው ድምፁም አልተሰማም። የዛገው ግን “ሲጢጥ! ሲጢጥ! ኧረ ሞትኩ!” እያለ ቤቱን አናወጠው።

“አያ መፍቻ፣ ከሦስቱ አጥብቆ የያዘው የትኛው ነው? ልጆቼን እሱ ሥር ላስተኛቸው” አለች አይጥ።

“ምን ጥያቄ አለው እመት አይጥ! ሦስቱንም እኩል ጎትቻለሁ። ክንዴ ያው ክንድ፣ ጉልበቴም ያው ጉልበት።”

“የእኔን ጩኸት ግን አልሰማሽም?” አለ የዛገው። “እንደኔ የተጨነቀ ማን አለ?”

አይጥ አመነችው። ምን ታድርግ፣ እናት ናት። ልጆቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ ከዛገው ብሎን ሥር አስተኛቻቸው።

ከጣሪያው ላይ እመት ሸረሪት ይህን ሁሉ ታይ ነበር። እሷ በምንም ነገር አትቸኩልም።

“ቆዪ እስቲ” አለች። “ብሎን ሲወጠር ይረዝማል። በጣም በጥቂቱ፣ ግን ይረዝማል። ከመጥበቃቸው በፊት የሦስቱንም ቁመት በክሬ ለክቻለሁ፤ አሁን ደግሜ ልለካቸው።”

ደረቁን ለካች፤ በአንድ ፀጉር ረዝሟል። “አንተ በልክህ ነህ” አለችው።

ዘይት የጠገበውን ለካች፤ በሁለት ፀጉር ረዝሟል። “አንተ ልትበጠስ ነው እኮ! ምነው ዝም አልክ?”

“አንሸራተተኝ፤ ሳላውቀው ገባሁ” አለ በቀጭን ድምፅ።

የዛገውን ለካች፤ ክሩ ልክክ አለ። አንዲት ፀጉር እንኳ አልረዘመም።

አይጥ ወደ ልጆቿ ዞረች። “ታዲያ ይሄ ምንም አልያዘም ማለት ነው?”

አያ መፍቻ ተቆጣ። “እኩል ነው የጎተትኩት አልኩ!”

“እኩልማ ጎትተሃል” አለች ሸረሪት። “ለደረቁ አሥር ጉልበት ስትሰጠው፣ አምስቱን ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ፍትጊያ ይበላዋል፣ አራቱን በጥርሱ መሀል ያለው ይበላዋል፤ ብሎኑን የሚወጥረው አንዱ ብቻ ነው። ዘይት ሲኖር ፍትጊያው የሚበላው ይቀንሳል፣ ለብሎኑ ሁለት ይደርሰዋል። ዝገት ሲኖር አሥሩም መንገድ ላይ ያልቃል። ያ ሁሉ ጩኸት ጉልበትህ ሲበላ ነው።”

አያ መፍቻ አፈረ። ደግነቱ ሰነፍ አልነበረም፤ ሦስቱንም ፈታቸው። የተለጠጠውም ወደ ቁመቱ ተመለሰ። አይጥ ልጆቿን ገለል አድርጋ የዛገውን በወንዝ አሸዋ ፈተገችው። ከዚያም ጭራዋን ዘይት ውስጥ እየነከረች፣ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳ፣ ሦስቱንም እኩል ቀባች።

“አሁንስ አሥር ልስጣቸው?” አለ መፍቻ፤ ድምፁ በርዷል።

“ከአሥሩ ሁለት ይደርሳቸዋል። የሚበቃቸው አንድ ነው። አስላው።”

መፍቻ አሰበ፣ አሰበና “አምስት” አለ።

አምስት አምስት ሰጣቸው። ሸረሪት ለካች፤ አንድ ፀጉር፣ አንድ ፀጉር፣ አንድ ፀጉር።

“ይገርማል” አለ ዝገቱ የለቀቀው ብሎን። “ገና አሁን ከበደኝ፤ ግን አልጮህኩም።”

ባለ ወፍጮው ጋሽ ደምሰው መጥቶ ውሃውን ለቀቀው። መዘውሩ ዞረ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዱቄቱ ቦነነ። አይጥ ልጆቿን እንዳቀፈች ወደ ብሎኖቹ ጆሮዋን አቀናች። አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። ልጆቿም አልነቁም።

እናም ወገኖቼ፣ ስንት እንደሰጣችሁ ብቻ አትቁጠሩ፤ ስንቱ እንደደረሰ ለኩ። የጮኸውንም ሁሉ ሸክም የያዘ አይምሰላችሁ።

ጆሯችሁን ይኸው መልሻለሁ።