ሐይቁን የከለከለው ማን ነው?

አንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ መንግሥት ነበር። በዚያ አገር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ፤ በታንኳው የሚሳፈሩት ግን ወንዶች ብቻ። ሴት ታንኳ ላይ ከወጣች ሐይቁ ተቆጥቶ አገሩን ይውጣል፤ ይህም የፈጣሪ ትእዛዝ ነው እየተባለ በየበዓሉ ይነገር ነበር።

ትእዛዙ ከሰማይ የመጣ አልነበረም። በንጉሡ ቅድመ አያት ዘመን ግብር የመረረው ሕዝብ ቤተሰቡን በታንኳ እየጫነ ወደ ማዶ ይሸሽ ጀመር። ሚስትና ልጆች ከቀሩ ወንዱ የትም እንደማይሄድ፣ ሴቶቹን ለመያዝም ከወታደር ይልቅ ፍርሃት እንደሚሻል ቅድመ አያትየው በዘመኑ ከነበሩት የመቅደስ አለቃ ጋር መከሩና ትእዛዙን በፈጣሪ ስም አወጁ። ከሦስት ትውልድ በኋላ ይህን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ከታንኳ ሠሪዎቹ አንዷ አስካለ ትባላለች። ባሏ የሞተባት ዝምተኛ ሴት ናት። ደንገሉን ስታስር ዓይኗ ከማዶው ጭጋግ ላይ አይነቀልም። አንድ ቀን ጓደኞቿ «ኧረ ምን ታያለሽ?» አሏት።

«ማዶ ያለውን አገር» አለች። «ዛፎቹ ሲነጋ ይዘምራሉ። ሴቶቹ ጠጉራቸውን ለነፋስ ለቀው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፤ ወዴት ነው የሚላቸው የለም።»

ሴቶቹ ሳቁባት። በማግስቱ ግን «እስቲ ቀጥይልን» አሏት። ከዚያ ወዲህ እጃቸው ደንገል ሲያስር ልባቸው ማዶ ይውል ጀመር። አንዷ እዚያ ለራሷ ቤት ሠራች። አንዷ የሞተች እናቷን አገኘች። ሌላዋ ገና ያልወለደቻት ሴት ልጅ ፊደል ስትቆጥር አየቻት።

ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰና አስካለ ተጠርታ ቀረበች።

«አንቺ ሴት፣ ማዶ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አሏት ንጉሡ።

«አላውቅም፣ ጃንሆይ።»

«ታዲያ ያላየሽውን እንዴት ታወሪያለሽ?»

«በልቤ አየዋለሁ፣ ጃንሆይ። ልብ እንዳይሄድ የሚከለክል አዋጅ አልሰማሁም።»

የመቅደሱ አለቃ ብድግ አሉ። «ሴት እንዲህ ያለ ነገር ማሰቧ ራሱ ድፍረት ነው! ፈጣሪ ይቆጣል!»

አስካለ እጅ ነሣች። «አባቴ፣ ማሰብን የሰጠኝ እሱ አይደለም እንዴ? በሰጠኝ ነገር ብጠቀም ለምን ይቆጣኛል?»

ንጉሡ ግን ሁለተኛ ብታወራ ምላሷ እንደሚቆረጥ አስጠንቅቀው አሰናበቷት።

አስካለ ወሬውን ትታ ወደ ደንገሏ ተመለሰች። አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከውሃው ሳይነሣ፣ የሠራችውን ታንኳ ጨረሰችና ለሚረከባት ሰው በመስጠት ፈንታ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። ሐይቁ ይውጠኛል የሚለው ፍርሃት ከእሷም ጋር ከልጅነቷ ጀምሮ አድጎ ነበር።

ዳር ላይ ለቆሙት ጓደኞቿ «እመለሳለሁ» አለቻቸው። መቅዘፊያውን ነከረች። ውሃው ዝም አለ፤ ጭጋጉም ተቀበላት።

ማዶው እንዳለመችው አልነበረም። የሚዘምር ዛፍ የለም። ጭቃና ቁጥቋጦ ነው። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ቀና ብላ «እንዴት አደርሽ? ከወዴት መጣሽ?» አለቻትና ወደ እጥበቷ ተመለሰች። ሌላ የጠየቃት የለም። አስካለ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሳቀችም። እዚያው መቅረት ትችል ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ወደ ታንኳዋ ገባች።

ስትመለስ ሕዝቡ፣ ወታደሮቹና የመቅደሱ አለቃ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሐይቁ እንደ ወትሮው ተኝቷል። አንድም ቤት አልፈረሰም።

«ቁጣው ገና ይመጣል!» ብለው ጮኹ አለቃው።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ወጡ። «ስልሳ ዓመት ታንኳ ሠራሁ» አሉ። «እስኪመጣ ድረስ እኔም እስቲ ልሳፈር» ብለው ወደ አስካለ ታንኳ ገቡ። ከኋላቸው ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ ተከተለች። ወታደሮቹ ጦራቸውን እንደያዙ ተያዩ፤ ታንኳው ላይ የተቀመጡት እናቶቻቸውና እህቶቻቸው ነበሩና አንዱም ጦር አላነሣ።

ለሥልጣኑ የሚፈራ ገዥ የራሱን ፈቃድ በፈጣሪ ስም ያውጃል፤ አማኝ ሰው ፈጣሪን አይሟገትምና። የሴትን ሐሳብ የሚፈራውም ያሰበች ሴት አንድ ቀን ሄዳ ማየት ስለምትፈልግ ነው። ያየችው ካሰበችው ቢያንስም እንኳ፣ የረገጠችውን መሬት ማንም አልረገጥሽም ሊላት አይችልም።

አንተስ፣ አንቺስ፦ ፈጣሪ ከልክሏል ተብላችሁ ከተዋችሁት ነገር፣ በእውነት የከለከለው ሰው የሆነው የትኛው ነው?