አንጓችና የዕቃ ቤቱ እርግቦች

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ ላሟን ለዛሬ ተዋት፣ የዛሬው የወፍ ነው። ተጠጉ። ማስነጠስ ያማረው አሁኑኑ ያስነጥስ፣ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝን አልወድም።

በድሮ ዘመን አፋፍ አቦ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ከወንዝ ማዶ ተድራ የመጣች ናት። ባሏ ቢያድጌ ጨው ነጋዴ ነበረና ዓመቱን ሙሉ በቅሎውን እየነዳ ይዞራል። ሰባት ዓመት አብረው ኖሩ፣ ልጅ አልወለዱም። አንጓች ዶሮ ታረባ ነበር። የዶሮን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ቢያድጌ ከሩቅ ገበያ ሲመለስ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዞ መጣ። ብትከፍተው ሁለት አመድማ እርግቦች። በዚያ አገር የሚታወቀው ዋኔ የሚሉት የዱር እርግብ ነበር። ዋኔ ቤቱ ገደል ነው፣ ሰው ሲያይ ይሸሻል። እነዚህ ግን ከእጅ ላይ ይበላሉ።

፦ ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ ብዬ ነው፣ አላት።

አንጓች ጥሬ በመዳፏ ይዛ አቀረበችላቸው። ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያም ቢያድጌ ቆላ ወረደና ወባ ያዘው፣ እዚያው ቀረ። እርግቦቹም ቅርጫቱን ትተው ወጡና በአቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካለው የድንጋይ ዕቃ ቤት ጣራ ሥር ጎጇቸውን ሠሩ።

ያን ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ወፎቹ ዕቃ ቤቱ ላይ ባረፉ በሦስተኛው ቀን ጣለ። ሰው ምን አለ? ዝናቡን ያመጡት እርግቦቹ ናቸው አለ። ለኖኅ የምሥራች ያመጣች ወፍ አይደለችም እንዴ፣ አቦ ልኮልን ነው አለ። ከዚያም ሁሉም ስለት ገባ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ ዕለት፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ዕቃ ቤቱ ደጅ ያፈስስ ጀመር።

እርግብ ደግሞ ጥሬ ካገኘች ሌላ ሥራ የላትም። ሁለት ትጥላለች፣ ሁለት ትፈለፍላለች፣ እነዚያ ሳይበሩ ሌላ ሁለት ትጥላለች። ሁለቱ ስምንት ሆኑ። ስምንቱ ሠላሳ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የቆጠረም የለ። ሽምብራ ሲዘራ ከዘሪው ኋላ ኋላ እየሄዱ ይለቅማሉ። እህል ሲወቃ አውድማው ላይ ይሰፍራሉ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳም በኩስ ነጣ።

ታዲያ አገሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? ስለቱን ጨመረ። አቦ ሆይ፣ ወፎችህን ከእርሻችን ላይ አንሣልን፣ ካነሣህልን ሁለት ሁለት ቁና እናፈስሳለን አሉ። ችኩል የሆነው ሳይነሡለት አስቀድሞ አፈሰሰ። ወፎቹም በሉና በረከቱ። አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምታደርጉት።

በሦስተኛው ዓመት ሽምብራው ሳይበቅል ቀረ። አገሩም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ተሰበሰበና የአገሩ ጭቃ ሹም ደምለው ተነሣ።

፦ ስሚ አንጓች፣ አለ። ወፎቹን ያመጣው ባልሽ ነው። እሱ ነፍሱን ይማረውና የለም፣ አንቺ አለሽ። እስከ ከርሞ የሽምብራ ዘር ድረስ ወፎቹን አጥፊልን። ካልሆነ የቢያድጌን መሬት ለቀሽ ወደመጣሽበት ትሻገሪያለሽ።

የደብሩ ቄስ አባ ወልደ ሐና ደግሞ ጨመሩበት።

፦ በአቦ ቅጥር ግን ደም አይፈስም። ወፍ የገደለ የተገዘተ ይሁን።

ተመልከቱ እንግዲህ፣ አንዱ አጥፊ ይላታል፣ አንዱ አትንኪ ይላታል። ወንዝ ማዶ ደግሞ ማንም የላትም። እናት አባቷ ሞተዋል፣ ቤታቸውም ፈርሷል። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት መሰላል ተዋሰች።

መጀመሪያ እንቁላሎቹን ለቀመች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግመው ጣሉ። ደግማ ለቀመች፣ ደግመው ጣሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲሁ አለቁ፣ አንጓችም ጉልበቷ ታመመ።

አንድ ቀን ጠዋት ጓሮዋ ያለችውን ዶሮ ልብ ብላ አየቻት። ዶሮዋ የገማ እንቁላል ታቅፋ ወር አልፏታል። አትነሣም፣ ሌላም አትጥልም።

፦ ለካ እኔው ነኝ የማስጥላቸው፣ አለች ለራሷ።

ከዚያም ድስት ጣደችና የለቀመቻቸውን እንቁላሎች ቀቀለች። ሲበርዱ እንዳይቀላቀሉባት በከሰል ምልክት አደረገችባቸው። መቀነቷ ውስጥ አድርጋ ወጣችና ደህናውን እያነሣች ቅቅሉን አኖረች። እርግቦቹም ታቀፉ። ሃያ ቀን ታቀፉ፣ ሠላሳ ቀን ታቀፉ። ሌሎቹ ሲተዉት አንዷ እርግብ ብቻዋን ታቅፋ ቀርታ ነበር። በምንቃሯ እንቁላሉን ገልበጥ ታደርገዋለች፣ ጆሮዋን የምታስጠጋ ትመስላለች። አንጓች መሰላሉ ላይ ቆማ ይህን አየች። ያልወለደች ሴት ናት።

፦ ይቅር በይኝ እናቴ፣ አለቻትና ወረደች።

ጫጩት ቀረ። ወፉ ግን አልጎደለም። የስለቱን ገብስ ያየ እርግብ ከየጎረቤት አገሩ ይመጣል። አንጓች ወደ አባ ወልደ ሐና ሄደች።

፦ አባ፣ ገብሱ ካልቀረ ልፋቴ ከንቱ ነው።
፦ የአቦን ስለት አስቀርልኝ ትይኛለሽ? አሉ ተቆጥተው።
፦ አይቅር አባ። ይቀቀል። ንፍሮ ይሁንና ደጀ ሰላም ለሚቀመጡት ነዳያን ይሰጥ። አቦ ነዳያንን ይጠላል?

አባ ወልደ ሐና ሦስት ቀን አሰቡ። በሚቀጥለው እሑድ ወጥተው እንዲህ አሉ።

፦ ስለታችሁ ደርሷል። ማን ይብላው የሚለውን ግን አቦ አልነገራችሁም፣ እናንተው ናችሁ ያላችሁት። ከዛሬ ጀምሮ ነዳያን ይበሉታል።

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ነዳያኑ ግን አላጉረመረሙም። እርግቦቹም መጡና ባዶ መሬት ጫሩ። ለሳምንት ያህል ጫሩ። ከዚያም በአምስት በአሥር እየሆኑ ሸለቆውን ተሻግረው ሄዱ። ያረጀውን ጭልፊት ለቀመው። የከርሞው ሽምብራ ዘር ሲደርስ ዕቃ ቤቱ ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ሽምብራው ተዘራ፣ በቀለም። አገሩ ተሰብስቦ አየ።

፦ ደህና አድርገሻል፣ አለ ጭቃ ሹም ደምለው። እነዚህን ሁለቱንም ጨርሽና መሬቱ ያንቺ ይሁን።

አንጓች ሁለት ቅቅል እንቁላል መቀነቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች። እናቲቱ ታቅፋለች። እጇን ብትሰድ አልሸሸችም፣ ጣቷን በክንፏ ሸፈነችው። ሥሯ ያለው እንቁላል ይሞቃል። አንጓች እዚያው ብዙ ቆየች። ከዚያም ቅቅሎቹን እንደያዘች ወረደች።

፦ ይህን አልችልም፣ አለች። መቶ እናት አታልያለሁ፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የእነዚህን እንቁላል ግን ልለውጥ ብል እጄ እምቢ አለኝ። የሚወልዱትን እየቆጠርኩ ከአራት እንዳያልፉ እጠብቃለሁ። ይህ አይሆንም የሚል ካለ መሰላሉ ይኸው፣ እንቁላሉም ይኸው። መሬቱንም ልቀቂ ካላችሁኝ እለቃለሁ።

ጭቃ ሹም ደምለው ቅቅሎቹን ተቀበላትና አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። ወደ ላይ አየ። እርግቧም ወደ ታች አየችው። አገሩ በሙሉ ይጠብቃል። ደምለው የስድስት ልጆች አባት ነው።

እግሩን መልሶ አወረደ።

፦ ይህን መሰላል ወደ ቤቷ አድርሱላት፣ አለ። ሥራ አለባት።

እኔ ይህን ያህል አወራሁ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ አውሩት። ተረቱ ለእናንተ፣ ቂጣው ለእኔ፤ ዳር ዳሩን ሳይሆን መሀሉን።