ደሙ ያልረጋው ድኩላ

በዓባይ ቆላ ሰው ሳይደክም ሲሳይ ሲገጥመው፣ ሽማግሌዎች እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። ከተሜ ይስቅባታል። አይፈረድበትም፤ ከየት እንደመጣች የነገረው የለም። የመጣችው ከአንድ ቆዳ ፋቂ የተነሣ ነው፤ እንደ ልማዱ ምስጋናውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው።

ባየልኝ ይባላል። የመንደሩ ሰው የሚተኛው እሱ በጠፈረው አልጋ፣ ልጁን የሚያዝለው እሱ በፋቀው አንቀልባ ነበር። እሱ ብቅ ሲል ግን ሥጋ ይከደናል፣ ሕፃን ይሸፈናል። «ዓይኑ ይበላል» ይሉታል። ማንም ሆዱን በቆረጠው ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው የባየልኝ ስም ነው።

ሁዳዴ በተፈታ በሳምንቱ አላምረው የሚባል አዳኝ አንድ የሰባ ድኩላ በአህያ ጭኖ ከበረሃ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ አንዳች ሳይጥል ከርሞ «ጥይት አባካኝ» ተብሏልና፣ የዚያን ቀን አንገቱ ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ባየልኝም ለመግፈፍ ተጠራ፤ የድካሙ ዋጋ ቆዳው ነው።

አባ ይርዳው የሚባሉት ሽማግሌ ጠየቁ፤ «ነፍሱ ሳትወጣ ነው ያረድከው?»

«ቆሞ ነው እንጂ አባ! ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በስመ አብ ብዬ።»

«ሰኮናው?»

«ስንጥቅ።»

«እንግዲያው የክርስቲያን ሥጋ ነው» አሉ፤ ነገሩም በዚሁ ተቆረጠ።

ባየልኝ ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ጥይት የበሳው ቆዳ ዋጋው ይወርዳልና ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳውን ነው። አገላበጠ፤ ቀዳዳ የለም።

«ጌታው አላምረው፣ በየት በኩል መታኸው?»

«አልተኮስኩም።»

«ውሻ ያዘልህ?»

«ምን ውሻ አለኝ? ብቻውን ቆሞ ጠበቀኝ። ቀንዱን ስይዘው እንኳ አልተወራጨም።»

«ጊዮርጊስ ነዋ የላከልን!» አለች የአላምረው ሚስት፤ እልልታውም ተከተለ።

ድኩላ ሰው ይጠብቃል? ባየልኝን ነገሩ ከነከነው። ከታረደው አንገት በገበቴ የተንጠባጠበውን ደም በእንጨት ነካ ቢያደርገው እንደ አተላ ጠቁሯል፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ቆይቶም አልረጋም። እንዲህ ያለ ደም አንድ ጊዜ አይቷል። ያኔ አባቱ፣ አባ ሰንጋ የሚሉት የከብት በሽታ የጣለውን በሬ ገፍፎ በስድስተኛው ቀን ነው የተቀበረው።

ቢናገር፣ ነገ የታመመው ሁሉ በሱ ይሳበባል። ዝም ቢል ደግሞ ሰው ያልቃል። ቢላውን አስቀመጠ።

«ቆዳውን አልወስድም።»

«ፋቂ ቆዳ እምቢ አለ!» አለ አንዱ። «ነገ ደግሞ ጅብ አህያ ጠላሁ ይለናል!»

ግቢው በሳቅ አውካካ።

«ጌቶቼ፣ ይህ አባ ሰንጋ ነው። ሥጋውም ቆዳውም ይቀበር።»

አላምረው ደሙ ፈላ። «እኔ ሲሳይ ባገኝ አንተን ምን ቆጠቆጠህ? ሂድ፣ ዓይንህን ከሥጋዬ ላይ አንሣ!»

ሚስቱ ሥጋውን በነጠላዋ ሸፈነች። አላምረው ራሱ ሲገፍፍ ቢላ አውራ ጣቱን ጫረው፤ ከቁምነገር አልጣፈውም። ጉበቱን በጥሬው ተሻሙት።

ባየልኝ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አገር የሚታመመው ሁሉ የኔ ነው» አላት።

በአራተኛው ቀን የአላምረው ጣት አበጠ። መኻሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ቢነኩት አያመውም፤ ክንዱ ግን እስከ ትከሻው ተነፋ። ጉበት ከበሉት አንዱ ደም ሲያስቀምጠው አድሮ ሞተ። ያን ጊዜ ጎበዞቹ ዱላቸውን ይዘው ባየልኝን እየጎተቱ ከበሽተኛው ራስጌ አቆሙት።

«ትፋበት! አንተ በልተኸዋል፣ አንተው ልቀቀው!»

«ምራቄ መድኃኒት ቢሆን አባቴን አድን ነበር። ይልቅ ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ በመርፌ የዳነ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«መጀመሪያ ትፋ!» ዱላው ተነሣ።

አባ ይርዳው በመኻል ገቡ። «ቆዩ። አላምረው ልጄ፣ ድኩላውን በረሃ ስታገኘው ባየልኝ አብሮህ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ሳይነካ የቆመልህ ምን ሆኖ ነው?»

«ከአፍንጫው ደም ይወርድ ነበር፣ አባ። ጠርጌ ነው ያመጣሁት። ዛሬም ባዶ እጁን መጣ እንዳልባል።»

ዱላው ወረደ። ቃሬዛ ታሰረ፤ ግን ጊዜው አልፎ ኖሮ የአላምረው ሕይወት መንገድ ላይ አለፈች። ከበሉት ሌሎቹ ጤና ጣቢያ ደርሰው ተረፉ። ባየልኝን ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ የሰው ልጅ የናቀውን ሰው አመስግኖ አያውቅም።

እንዲያውም በቀብሩ ላይ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ፋቂ እኮ ነው የበላው» ሲል አባ ይርዳው ሰሙት። ሰው እስኪደነግጥ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱና፣ «እኔም ሰኮናውን ጠይቄ በሽታውን ሳልጠይቅ ባርኬ አስበልቻለሁ፤ በሰው አታሳብብ፣ ያልሸሸ ድኩላ አዳኙን በላ!» አሉት።