የባዚቃ ጭስ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደግ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ደስ አይልም። በአንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ መድኃኒት ሻጭ ነበሩ። ሶላት የማያልፋቸው፣ ከድሃ ገንዘብ የማይቀበሉ ሰው። በዚያ ዘመን ክፉ ቁስል የወጣበት ሰው የሚታከመው በባዚቃ ነበር፤ ያ እንደ ውሃ የሚንከባለለው፣ ብር የሚመስለው ማዕድን። ፍም ላይ ያደርጉትና በሽተኛውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ያጥኑታል። ምራቁ ሲዝረበረብ፣ ድዱ ሲደማ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ በሽታው እየወጣ ነው» ይባላል። ዓሊሙም መሃይሙም እንዲያ ነበር የሚያምነው።

ዘህራ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ልጇን ጦይብን አምጥታ አሳጠነችው። ልጁ ጥርሱ እየረገፈ በቃኝ ሲል፣ ሐጂ ሶብር እንዲያደርግ መከሩት፤ እናቱንም ብርድ ልብሱን አጥብቃ እንድትይዝበት አዘዟት። ያዘችበት። ጦይብ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ አንጥረኛ ወደ ሱቃቸው መጣ። ባዚቃ እያነደደ ጌጥ በወርቅ የሚቀባ ሰው ነው። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ድዱ ይደማል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ቁስል ወጥቶበት ያውቅ እንደሆነ ሐጂ ጠየቁት። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ነክቶት እንደማያውቅ ነገራቸው። ያኔ ክው አሉ። ቁስል ከሌለበት ሰው ምን በሽታ ይወጣል? ለካ መርዙ ባዚቃው ራሱ ኖሯል።

ብዙም ሳይቆይ ዘህራ ሴት ልጇን ሰዓዳን ይዛ መጣች። እሷም ላይ ያው ቁስል ወጥቶባታል። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ብታያቸው አዘነችላቸውና፣ የጦይብ አጀሉ፣ የተቆረጠለት ቀን፣ ደርሶ እንጂ እሳቸው ያጎደሉት እንደሌለ ነግራ አጽናናቻቸው። ሰዓዳንም እንዲያጥኑላት ለመነች።

ፈተናውን አያችሁት? መድኃኒቱ አልቋል ብለው ቢመልሷት ስማቸው ይተርፋል። እሷ ግን ልጅቷን ወደ ሌላ ሰው ትወስዳታለች።

«ዘህራ፣ ጦይብን የገደለው በሽታው አይደለም፤ የኔ መድኃኒት ነው» አሏት።

ዘህራ እጆቿን አየች። «ብርድ ልብሱን የያዝኩበት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

«በኔ ቃል ነው የያዝሽው። ነገ አላህ ፊት የምጠየቅበት እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ዘህራ ሰዓዳን ይዛ ወጣች። ሰዓዳ ሳትታጠን፣ ከነጠባሳዋ ኖረች። ሐጂም ባዚቃውን ቀብረው፣ የሆነውን በየገበያው እየዞሩ ተናገሩ፤ ደንበኛ ሸሻቸው። ወዳጆቻቸው ቀደር ነው እያሉ ሲያባብሏቸው፣ «አጀሉ የአላህ ነው፤ ጭሱ ግን የኔ ነበር» ይሉ ነበር።

እኛስ? ባጠፋን ቁጥር የአላህ ውሳኔ ነው ብለን እንገላገላለን። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው፤ የጥፋታችን መሸሸጊያ እንድናደርገው ግን ማን ፈቀደልን? ዘህራ እስክትሞት አውፍ አላለቻቸውም። ሐጂም እስከ ዕለተ ሞቷ ይቅርታዋን መለመናቸውን አልተዉም።