ምልክት የሌላቸው ሦስት መቶ ጠመንጃዎች

እኔ ልሙት፣ ይህ የምነግራችሁ ቃል በቃል እውነት ነው። ያላመነ እዚሁ ያቁም፤ ያመነ ይከተለኝ።

አንድ ንጉሥ ነበረ። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ርዝመት ለጉድ ነው፤ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ በበሩ የገባ ዘበኛ ከወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ጢሙ አድጎ ይገኝ ነበር። በውስጡ ሦስት መቶ ጠመንጃዎች ተደርድረዋል፤ አዲስ ግን አንድም የለ። ሁሉም ከሰው አገር ጦርነት የተረፉ፣ በየደረሱበት እየተጠገኑ በባሕርና በግመል የመጡ ናቸው። አንዱ አገር ሠርቶ አፈሙዙ ላይ አንበሳ ቀርጾበታል። ሌላው ማርኮት ዘውድ ደርቦበታል። ሦስተኛው ቃታውን ቀይሮ ኮከብ መትቶበታል። በመጨረሻ የንጉሡ ጠጋኝ ቀጸላ የወይራ ሰደፍ ያለብሰውና ከሁሉም በታች የገብስ ፍሬ የምታህል የራሱን ምልክት ያሳርፍበታል።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ መጣ፤ ሪዙን ሁለት አሽከሮች ግራና ቀኝ ይዘውለት ነበር። ሦስት መቶ የሚያብለጨልጩ ጠመንጃዎች በግመል ጭኗል። አፈሙዛቸው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ምልክት የሚባል ነገር የለባቸውም።

“ጃንሆይ፣” አለ ነጋዴው፣ “የርስዎ ጠመንጃዎች እኮ አባታቸው አይታወቅም። አራት ማህተም ያለው ብረት አራት ጊዜ የተሰበረ ብረት ነው። የኔዎቹን ይመልከቱ፤ ሰው አልነካቸውም። አሮጌዎቹን ይስጡኝና ልለውጥዎ።”

ንጉሡ የዘር ነገር ይወዳል፤ የፈረሱን ሰባት ቤት ሳያስቆጥር እርካብ አይረግጥም። የነጋዴው ቃል ማር ሆነለት። ቀጸላን አስጠርቶ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ብረቴን ስታቆሽሽ ኖርክ ብሎ ገሠጸው። ቀጸላም ይህ ልውውጥ ሠራዊቱን ያስፈጃል ብሎ ተማጸነ። ንጉሡ ባሰበት። እስከ ነገ ቀትር የነጋዴውን ጠመንጃ ነውር ካላሳየኸኝ ሚስትህንና ወናፍህን ይዘህ ከአገሬ ውጣ አለው።

በማግስቱ አደባባዩ በሰው ብዛት ጎበጠ። ቀጸላ አንድ ቅርጫት ሎሚና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ብቅ አለ።

“ሎሚውን ምን ሊያደርገው ነው?” አለ ነጋዴው። “ዓሣ መሰለው እንዴ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጸላ ግን ከአዲሶቹ አንዱን ብድግ አድርጎ አፈሙዙን በሎሚ አሸው፤ ፀሐይ አስመታው፤ ደግሞ አሸው። ብረት ማህተም ሲመታበት ምቱ እስከ ውስጡ ይዘልቃል፤ ሞረድ የሚፍቀው ላዩን ብቻ ነው። ሎሚው ሲያልቅ ከብረቱ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። አንበሳ። ዘውድ። ኮከብ። ቀጥሎም ሦስት ጠጋኞች በየተራ የመቱት የተጣለ ብረት ምልክት፦ አይተኮስም፣ አይተኮስም፣ አይተኮስም።

ነጋዴው አልደነገጠም። ያ የድሮ ጌጥ ነው፣ ምልክት ከሆነ የቀጸላም ገብስ ምልክት ነው፣ ምን ይለየዋል እያለ ተከራከረ። ንጉሡም አመነታ።

“ጃንሆይ፣ እኛ ጠጋኞች አንድ ሥርዓት አለን፣” አለ ቀጸላ። “ምልክታችንን ከመምታታችን በፊት ጠመንጃውን በገዛ ጉንጫችን አስደግፈን ሦስት ጥይት እንተኩሳለን። ቢፈነዳ የሚጠፋው የኛው ፊት ነው። ያቺ ገብስ የምታህል ነገር፣ ፊቴን ሰጥቼበታለሁ ማለት ናት።” ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረ። “ጌታው፣ ከራስዎ ጠመንጃ የወደዱትን ይምረጡና ይተኩሱ። አንድ ጥይት ይበቃል።”

ነጋዴው አንዱን አነሣ። ወደ ጉንጩ አስጠጋ፤ መልሶ አወረደው። ትከሻዬን ብርድ መቶኛል፣ አሽከሮቼ ይተኩሱልኝ አለ። ይህን ጊዜ አሽከሮቹ ሪዙን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ቀጸላ ከግምጃ ቤቱ ከሁሉ የቆየውን ጠመንጃ አስመጥቶ ጉንጩን አሳረፈበት። የመጀመሪያው ጥይት ከኮረብታው ላይ ቅል ጣለ። ሁለተኛው ቅሉ የወደቀበትን ድንጋይ ፈለጠ። ሦስተኛው እስካሁን እየሄደ ነው። እልልታው ሰባት አገር ተሰማ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ያንኑ ጠመንጃ ተቀበለና በራሱ ጉንጭ አስደግፎ ተኮሰ። ከዚያም በሕዝቡ ፊት፣ “ቀጸላ፣ አጠፋሁ፤ ይቅር በለኝ” አለ። የነጋዴው ሦስት መቶ ብረት ማረሻ ሆነ፤ የዚያን ዓመት እህል ጎተራ ጠቦት ሰው አልጋውን ለጤፍ ለቆ መሬት ተኛ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት ሰው አይናቅ። የተሰበረበትንም የጠገነውንም በግልጽ የሚያሳይ ሰው ይታመናል፤ ጠባሳውን ሞርዶ ያጠፋ ግን በሚተማመኑበት ቀን ፊት ላይ ይፈነዳል። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስማችሁን ካሳረፋችሁበት ሥራ ሁሉ ጉንጫችሁን የምትሰጡበት የትኛው ነው?

ግመሎቹም፣ ሪዙም፣ ሦስተኛው ጥይትም እንዳልኳችሁ ናቸው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ንጉሡ “አጠፋሁ” አላለም።