ናፍጣ፣ ሽቦና የነጠላ ቁራጭ

ተረት ልጀምር ነውና «እንሰማለን» በሉኝ። ያኛው ጥግ አላለም፤ በሉ እንደገና። እንዲያ ነው! እኔ ለተኛ ሰው አልተርትም።

ድሮ ድሮ፣ ወፍም ጨርቅም መኪናም እንደ ሰው በሚናገሩበት ዘመን፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ይኖሩ ነበር። ጋሽ ሽብሩ አንዲት ሰማያዊ የቤት መኪና ነበረቻቸው። ሲገዟትም የሰው እጅ ያየች ነበረች፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ ጨርሳ አረጀች። ቀን ቀን ፀሐይ ትጠብሳታለች። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ ከግቢው ግራር ላይ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ኩሱን ይጥልባታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰማያዊነቷ ጠፋና አመድ የነፉባት መሰለች።

ጋሽ ሽብሩ ምንታምር የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። የምንታምር ሠርግ ደረሰ። አባት የሙሽራ መኪና እከራያለሁ፣ ይቺን ግን ለቆራሌው እሸጣታለሁ አሉ። ልጅ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ ናት፣ ከአባቴ ቤትም የምወጣው በእሷ ነው ብላ ድርቅ አለች። «ልጁን በአመድ ጭኖ ሰደዳት ልባል ነው?» ብለው ተቆጡ አባት። ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ፣ በመጨረሻ እናትየው እትዬ ዘነበች ገብተው አስታረቋቸው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ካበራች፣ እሁድ ሙሽራዋን ይዛ ትወጣለች። ካላበራች፣ ቅዳሜ ቆራሌው መጥቶ ይፈታታትና ብረቷን በኪሎ ይወስዳል።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ፈራች። ያቺን ልጅ ሳልድር በማዳበሪያ ተሞልቼ ልሄድ ነው ብላ አለቀሰች። መኪና በምኗ ታለቅሳለች ብትሉኝ አላውቅም፤ እኔ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

ልቅሶዋን መጀመሪያ የሰማው ዕቃ ቤት በጄሪካን የተቀመጠው ናፍጣ ነው። ናፍጣን ታውቁታላችሁ፣ ከእሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። «እኔ እያለሁ ምን ያስለቅስሻል? ባንድ ጊዜ ነው የማበራሽ» አላት። ጋሽ ሽብሩም ናፍጣን ያምኑታል። ዕድሜ ልካቸውን መኪናቸው ሲታጠብ በናፍጣ ካልተወለወለ የታጠበ አይመስላቸውም ነበር። ጨርቅ ነክረው ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ቀቧት። ወዲያው አብለጨለጨች። ጎረቤት ወጥቶ አደነቀ፣ ናፍጣም ደረቱን ነፋ።

አቧራ መንገድ ላይ ተጋድሞ ይህን ያያል። «እሰይ፣ ምን ያለ አልጋ ነው የተነጠፈልኝ» አለና ወንድሞቹን፣ እህቶቹን፣ አክስቶቹን ሁሉ ሰብስቦ መጣ። መጥቶም ተኛባት። ምሳ ሳይደርስ መኪናዋ በርበሬ የተነሰነሰባት መሰለች። አባ ኮዳ ከግራሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ናፍጣ ቢጠየቅ፣ እኔ አበራለሁ እንጂ አቧራ አባርራለሁ አላልኩም ብሎ ጄሪካኑ ውስጥ ተሸሸገ።

ሁለተኛ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ከጓዳ መጣ፣ ኦሞን አስከትሎ። እሱ ደግሞ ቁጡ ነው። እንዲህ ያለው እድፍ ልምምጥ አያውቅም፣ የሚገባው ጉልበት ነው አለ። ጋሽ ሽብሩ ጉልበት ሲባል ደስ ይላቸዋል፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፈገፈጓት። ናፍጣው ለቀቀ፣ አቧራውም ሄደ። ውሃው ሲደርቅ ግን ኮፈኗ ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። «አመመኝ» አለች መኪናዋ። ሽቦ፣ ላጽዳ አልኩ እንጂ ላስውብ መቼ አልኩ ብሎ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

ጋሽ ሽብሩ ተስፋ ቆረጡ። ስልካቸውን አውጥተው ለቆራሌው ደወሉና ቅዳሜ ና አሉት። በድሮ ዘመን ስልክ ከየት መጣ የምትይው አንቺ፣ መኪናዋን ስጠራ ለምን ዝም አልሽ? ተረት ነው፣ አትነዝንዢኝ።

ሦስተኛዋ ራሷ ምንታምር ናት። ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት ሥራ አትነካም፤ እንሶስላዋን ሞቃ መቀመጥ ነው ወጉ። እሷ ግን ተነሳች። ከሳጥኗ ያለቀ ነጠላ አውጥታ ቀደደች፤ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ጣሳ ፖሊሽና አንድ ጣሳ የመኪና ሰም አስመጣች። እትዬ ዘነበች፣ የሙሽራ እጅ በቅባት፣ ኧረ የሰው ያለህ፣ ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ናፍጣ ጄሪካኑ ውስጥ ሆኖ የነጠላውን ቁራጭ ጠየቃት። «አንቺ ደግሞ ምን ልትቀቢያት ነው?»

«እኔ የምቀባት የለኝም» አለች የነጠላ ቁራጭ። «ማማሯ የትም አልሄደም፣ ከሥር አለ። ፀሐይ የገደለችው ቆዳ ከላይ ተኝቶበት ነው። እኔ እሱን ላንሳላት ነው የመጣሁ።»

ፖሊሽ ችኩል ነበር፤ አሁኑኑ፣ በዚሁ ፀሐይ፣ ሙሉዋን ልቀባት አለ። የነጠላ ቁራጭ መከረችው። በፀሐይ ከሆነ ትደርቅና ትጣበቅባታለህ፤ ከጥላ ሥር፣ ትንሽ ትንሽ፣ እየዞርን እንሂድ አለችው። ተስማሙ። ምንታምርና ጎረቤቶቿ መኪናዋን ገፍተው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር አስገቧት፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠቧት፣ አደረቋት። ምንታምር ጣቷን በጨርቁ ጠቅልላ ፖሊሹ ላይ ነካ አድርጋ ማሸት ጀመረች። አሸች፣ ዞረች። አሸች፣ ዞረች።

ጥቂት እንደቆየች የነጠላዋ ቁራጭ ሰማያዊ ሆነች። ጋሽ ሽብሩ አዩና ደነገጡ። ሮጠው የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ቀለሟን ገፈፍሽው እኮ! ተይ፣ ያለቻትን እንኳ አትጨርሺባት።»

ምንታምርም ፈራች፤ እውነት ቢሆንስ? ጨርቁን ልትጥለው ስትል መኪናዋ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይተዉዋት። እየወጣ ያለው የሞተው ነው። እኔ አለሁ።»

ጋሽ ሽብሩ የታሸውን ቦታ ጎንበስ ብለው ጠረጉት። ከሥሩ ጥልቅ ሰማያዊ ወጣ፤ የማንጎው ቅጠል አንድ ባንድ ይታይበታል። ይህን ቀለም መኪናዋን ሲገዟትም አላዩትም ነበር። የልጃቸውን እጅ ለቀቁ። ከነጠላው ለራሳቸው አንድ ቁራጭ ቀደዱ።

ማታ ማታ ዘፈን ሊለማመዱ የሚመጡት የሙሽራዋ ሚዜዎች ያን ቀን ገና ሳይመሽ መጡ። ሙሽራዋን ከአባቷ ጋር በቅባት ተጨማልቃ ሲያገኟት መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ጨርቅ ጠየቁ። አንዷ ከበሮ መታች፣ ሌሎቹ በምቱ አሹ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ይገለብጣሉ፣ አሁንም ሲቆሽሽ ይለውጣሉ። ሽቦ የጫረው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እትዬ ዘነበች እንኳ በመጨረሻ ነጠላቸውን አደግድገው የኋላውን በር ያዙ። መኪናዋ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሰም መጣ። እኔ አላሳምርም፣ ያማረውን እጠብቃለሁ አለ፤ በስሱ ተቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ ተወለወለ። አቧራ አልጋ ፍለጋ መጥቶ ቢጋደም ንፋስ ጠርጎ ወሰደው።

ቅዳሜ ቆራሌው ጉደታ መዶሻውንና ማዳበሪያውን ይዞ ግቢ ገባ። ጋሽ ሽብሩ እስኪወጡ ድረስ መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። ዘወር ሲል ኮፈኗ ውስጥ ፊቱን አየው። ባርኔጣው ተንጋዷል፤ አቃናው። ጢሙንም አበስ አበስ አደረገ። ጋሽ ሽብሩ ብቅ ሲሉ፣

«ጋሼ፣ ለዚያች ለአሮጊቷ ነበር የጠሩኝ» አላቸው። «የት አደረጓት?»

ሚዜዎቹ በሳቅ ወደቁ። መኪናዋም ሳቋ አምልጧት ጥሩምባዋ ጮኸ። ጋሽ ሽብሩ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው፣

«ተደግፈሃታል እኮ» አሉት። «ነገ ልጄን የምትድርልኝ እሷ ናት።»

እሁድ በእልልታ ወጡ። ምንታምር በቬሎዋ፣ እንሶስላ በሞቀ እጇ፣ በጥፍሯ ሥር ግን ያ ሰማያዊ ቀርቶ፤ ታጥቦ አልለቅ አላት። አማቷ ይህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት፣ ቀለም ነው እማማ፣ የመኪናችን ቀለም ነው ብላ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው።

እንግዲህ የኔ ተረት ይኸው ነው። ያልገባው ይጠይቀኝ፣ የገባው ጨርቁን ያንሳ። የቀቡት ይታጠባል፣ ያሹት ያበራል።