እስኪቆጠር ያልወረደ እጅ

አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ከከተማዋ ግርጌ ነው፤ ጉልበታቸው ታሟል። ውሃ የሚቀዱት ግን ዳገቱን ወጥተው ነው፤ ጀሪካኑን አዝለው ሲመለሱ መንገድ ላይ እየተቀመጡ ያርፋሉ።

አንድ ቀን ቀበሌው ሕዝቡን ሰበሰበ። አዲስ የውሃ ቦኖ ሊተከል ነው። የት? ሊቀ መንበሩ አቶ ደምመላሽ አነበቡ፦ ከዳገቱ አናት፣ ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ። እዚያ ላይ እኮ በየግቢው ቧንቧ አለ።

«የምትደግፉ?» ሲሉ እጅ ሁሉ ተነሣ፤ የግርጌ ሰዎች እጅ ጭምር። ስለምን አነሡ? የጎረቤታቸው እጅ ተነሥቶ ስላዩ፤ ቶሎ ወደ ቤት ለመሄድ።

«የምትቃወሙ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ያን ጊዜ የእኒያ እናት እጅ ተነሣ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል፤ ያውርዱት።»

«እስክትቆጥረኝ አላወርደውም፣ ልጄ።»

«ስብሰባው ተዘግቷል እኮ።»

«እናንተ ሂዱ። እኔ እጄን ይዤ እዚሁ ነኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። እጁ ግን አልወረደም። ቆየት ብሎ ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጡት ጋሽ ሽብሩ መዳፋቸውን ከእናቲቱ ክርን ሥር አደረጉ፤ ሌላውን እጃቸውንም አነሡ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እርስዎ አሁን አጽድቀው አልነበር?»

«አጽድቄ ነበር። ለካ እኔም ጀሪካን ተሸካሚ ነኝ፤ ረስቼው ነው።»

አሁን ሳቁ ሌላ ሆነ። ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያም የግርጌው ሰው ሁሉ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ከዳር ጀምረው ይቆጥሩ ጀመር።

ቦኖው ዛሬ ከግርጌ ቆሟል። በተመረቀ ዕለት ቧንቧውን የከፈቱት አቶ ደምመላሽ ናቸው። የመጀመሪያውን ጀሪካን ሞልተው፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ይኸው ቆጥሬዎታለሁ» አሏቸው።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ድሃው እንዲታሰብ ማልደን እንጸልያለን፤ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ድሃውን የሚረሳ ውሳኔ ሲነበብ እጃችንን እናነሣለን። ታዲያ ያጸደቀው ማን ነው? የገዛ እጃችን አይደለምን?

ለስብሰባ ስትጠሩ ሂዱ። የሚነበበውን እስከ መጨረሻው ስሙ። ለብቻችሁም ቢሆን እጃችሁን አንሡ። ያን ድፍረት ካጣችሁ ደግሞ ከጎናችሁ ተመልከቱ፤ የሚንቀጠቀጥ ክንድ ካለ መዳፋችሁን ከሥሩ አድርጉ።